ከጤነኛ ወደ በሽተኛ፦ በሐዋሳ የጎዳና ውሾች መጠለያ አንድ ቀን እንዴት ይሠራል

ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሲበለት ከአባ ኮዳዎቹ (ከትልልቆቹ አሞሮች) ጋር ተሰልፈው አንጀት የሚጠብቁት ውሾች የማን እንደሆኑ ብትጠይቁ የሚመልስላችሁ አታገኙም። መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅ ሥር የሚተኙትም፣ ማታ ማታ ሥጋ ቤት በር ላይ የሚጋደሙትም እንደዚያው ናቸው። ጭራሽ ሰው የላቸውም ማለት ግን አይደለም። ሦስት ቤት ያበላቸዋል፣ አንዱ ዘበኛ ስም አውጥቶላቸዋል፤ የሚያስከትባቸው ነው የጠፋው። ወደ መጠለያ የሚመጡት ከእነዚህ መካከል መኪና የገጫቸው፣ እከክ የጨረሳቸው፣ ወይም በካርቶን ተደርገው በር ላይ የተጣሉ ቡችሎች ናቸው።

ይህን የምጽፈው ግቢያችሁ ውስጥ 10 ወይም 20 ውሻ ለማኖር ለምታስቡና በበጎ ፈቃድ ልታግዙ ለምትመጡ ነው። እኔ የምሠራበት ግቢ ትንሽ ነው፤ ከ30 ውሻ በላይ አይችልም፣ ከዚያ በላይም አንቀበልም። መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ አልነበርንም። በር ላይ የመጣውን ሁሉ እናስገባ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የሚያስመልሰውን አዲስ ቡችላ አቅፌ ውሃ ካጠጣሁ በኋላ፣ በዚያው ቦቲ፣ በዚያው ልብስ ወደ ሌሎቹ ቡችሎች ክፍል ገባሁ። ከሰባቱ አምስቱ በዘጠኝ ቀን ውስጥ አለቁ። ፓርቮ ነበር፤ ቡችላን በትውከትና በደም ተቅማጥ የሚጨርስ ቫይረስ። ቫይረሱን ከክፍል ወደ ክፍል ያጓጓዝኩት እኔ ነኝ እንጂ ውሻ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ በግቢው የማይጣስ አንድ ሕግ አለ፦ ከጤነኛው ጀምራችሁ ወደ በሽተኛው ትሄዳላችሁ፤ በዚያው እጅና በዚያው ጫማ ወደ ኋላ አትመለሱም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ሕግ ተከትሎ የሚሄድ ነው።

ግቢውን በአራት ክፈሉ

ምግብም መድኃኒትም ከመግዛታችሁ በፊት ቦታው ይከፈል። አራት ክፍል ይበቃል፦ የቡችሎችና የሚያጠቡ እናቶች፣ የጤነኛ አዋቂዎች፣ የአዲስ ገቢዎች፣ የበሽተኞች። የአዲስ ገቢዎቹ በሩ አጠገብ ይሁን፤ ምን ይዞ እንደመጣ ያልታወቀ ውሻ ግቢውን አቋርጦ ማለፍ የለበትም። የቡችሎቹ ክፍል ከበሩ በጣም የራቀው ጥግ ላይ ይሁን።

ወለሉ ከተቻለ ሊሾ ሲሚንቶ፣ ወደ አንድ ወገን ትንሽ ያዘነበለ ይሁን። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል የአፈር ወለል አንዴ ከተበከለ አጥቦ ማዳን አይቻልም። ለሁሉም ክፍል ሲሚንቶ ማድረግ ካቃታችሁ ለቡችሎቹና ለአዲስ ገቢዎቹ ቅድሚያ ስጡ። ቆርቆሮው በቀትር ፀሐይ ምድጃ ስለሚሆን ከሥሩ ሰሌን ወይም ሣር ግጠሙበት። መኝታው ከወለል ከፍ ይበል፤ አሮጌ የእንጨት ርብራብ ላይ ታጥቦ የደረቀ ማዳበሪያ ማንጠፍ በቂ ነው።

አጥሩ 2 ሜትር ይሁን፤ ከሥሩ ደግሞ ድንጋይ ይቀበርበት። ውሻ ይቆፍራል። ጅብም ይቆፍራል፤ ከተማው ዳር ዳር ላይ ያላችሁ ይህን እኔ አልነግራችሁም።

ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ መጥረጊያ፣ የራሱ ባልዲ፣ የራሱ ቦቲ ይኑረው። ቀለም ቀቡበት፦ የበሽተኞቹን ቀይ፣ የአዲሶቹን ቢጫ። «አንዱን አጥበን ለሁሉም እንጠቀም» የሚል ሰው ይመጣል። ሰበቡ ሁልጊዜ ቁጠባ ነው፤ አራት ባልዲ ግን ለአንድ የታመመ ቡችላ ከሚሰቀለው ግሉኮስ ይረክሳል።

ከንጋቱ 12 ሰዓት፦ ሳትነኩ እዩ

ጠዋት ስትገቡ ባልዲ አትያዙ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ያዙ። ከውጭ ሆናችሁ በሽቦው ቁጠሯቸው። ማን ሮጦ መጣ? ማን ከተኛበት ሳይነሣ ጅራቱን ብቻ ቆላ? ማን እሱንም አላደረገም? ይህን ሦስተኛውን ጻፉት። ውሻ ሕመሙን ይደብቃል፤ የሚታወቅበት በመጮኹ ሳይሆን ዝም በማለቱ ነው።

ከዚያ መሬቱን እዩ። የተረፈ ምግብ አለ? ትውከት አለ? ዐይነ ምድሩ ጠጣር ነው ወይስ ውሃ? ደም የተቀላቀለበትና የሚሰነፍጥ ተቅማጥ፣ በተለይ ከቡችላ ከሆነ፣ ወዲያው የእንስሳት ሐኪም የሚያስጠራ ነው። ፊንጢጣው አካባቢ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ካያችሁ የኮሶ ትል ነው። ሳል፣ የዐይን አር፣ የአፍንጫ ዝልግልግ፣ ማነከስ፣ ሁሉም ከስሙ ፊት ይጻፍ። የተጠራጠራችሁትን ሙቀት ለኩ፤ የውሻ ጤነኛ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በእጅ ሲነካ ከሰው የሞቀ ስለሚመስል በመዳሰስ አትፍረዱ።

ስለ ስም ካነሣን፣ እያንዳንዱ ውሻ ስም ይኑረው፤ «ነጩ» እና «ሌላው ነጭ» እየተባለ መድኃኒት ሁለት ጊዜ የተሰጠው ውሻ አይቻለሁ። የእኛ ዘበኛ የድሮ ሰው ናቸው፤ ለጎረቤት የሚያስተላልፉትን መልእክት በውሻ ስም ይናገራሉ። አሁን ግቢው ውስጥ «ማን ይችለኛል» የሚባል ሦስት እግር ያለው ውሻ አለን፤ ለማን እንደተላከ አልጠየቅኩም።

ጽዳት

ጽዳቱ ከቡችሎቹ ይጀምራል፣ ወደ ጤነኛ አዋቂዎቹ ያልፋል፣ ከዚያ ወደ አዲስ ገቢዎቹ ይሄዳል፣ በበሽተኞቹ ያበቃል። በእያንዳንዱ ክፍል አሠራሩ አንድ ነው፦

1. ውሾቹን ወደ ማናፈሻው አውጡ። ውሻው ባለበት በረኪና አትድፉ፤ እግሩን ያቆስላል፣ ሲልሰው ደግሞ ሆዱን።
2. ዐይነ ምድሩን በደረቁ ዝቃችሁ አንሡ። በውሃ ገፍቶ ማስወጣት በሽታውን በግቢው ሁሉ መበተን ነው።
3. በኦሞና በመጥረጊያ ፈትጋችሁ እጠቡ፣ አለቅልቁ።
4. በረኪናውን በጥብጣችሁ ርጩ። 5 በመቶ የሆነው ተራ በረኪና ከሆነ ለ10 ሊትር ውሃ አንድ ሦስተኛ ሊትር ገደማ ጨምሩ። 10 ደቂቃ ይቆይ።
5. አለቅልቁ፤ ወለሉ ሲደርቅ ውሾቹን መልሱ።

ሰው የሚሳሳተው ሦስተኛውን ዘልሎ አራተኛው ላይ ሲሄድ ነው። በረኪና ቆሻሻ ላይ ሲያርፍ ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል፤ ግቢው ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል፣ ቫይረሱ ግን ያለበት አለ። የተበጠበጠው ለነገ አይደር። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ደግሞ በምንም ዓይነት አትቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

የዘቃችሁት የት ይሂድ? ከውሃ ጉድጓድ ርቆ በተቆፈረና ክዳን ባለው ጉድጓድ ውስጥ ይግባ። ወደ ጎርፍ መውረጃ ቦይ አትጣሉት። የሐዋሳ ሐይቅ ገባር እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ከጥቁር ውሃ ወንዝም ሆነ ከከተማው ቦይ የገባው እዚያው ይቀራል።

ምግብ

ብዙ ጥያቄ የሚመጣልኝ በዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

የፋብሪካ የውሻ ምግብ ለ30 ውሻ በየቀኑ መግዛት የምትችሉ ከሆነ ይህን ክፍል እለፉት። እኛ የምናበስለው የበቆሎ ዱቄት ገንፎ ወይም ሩዝ ከሳንባ፣ ከጨጓራና ከቅንጥብጣቢ ሥጋ ጋር ነው። ከሦስት እጅ አንዱን ሥጋ ለማድረግ እንሞክራለን፤ ሁልጊዜ አይሳካም። ጨው የለ፣ በርበሬ የለ፣ ሽንኩርት የለ።

ሽንኩርቱ ላይ ልቁም። ሐይቅ ዳር ካሉ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ደግ ሰዎች የወጥ ትራፊ በባልዲ ይልኩልናል። የእኛ ወጥ ግን መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱም አለበት። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ ቢበስሉም ያው ናቸው። በአንድ ጉርሻ ላይገድል ይችላል፣ በየቀኑ ሲሆን ግን ውሻው ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። «እኛ ቤት ያደገው ውሻ ዕድሜውን ሙሉ ወጥ በልቶ ምንም አልሆነም» ትሉኛላችሁ። ያ ውሻ ፍትፍት የሚደርሰው በፋሲካ ነበር፤ ባልዲ ሙሉ በየቀኑ አልነበረም።

ታዲያ ለጋሹን እንዴት አድርጎ እምቢ ይባላል? አይባልም። ባልዲውን አመስግናችሁ ትቀበሉና በማግስቱ ሌላ ንጹሕ ባልዲ ይዛችሁ ወጥ ቤት ትሄዳላችሁ። «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ይቺ ለደረቅ እንጀራ፣ ለሩዝና ለቅቅል ብቻ ትሁንልን፤ ሽንኩርት ሆዳቸውን ስለሚጎዳው ነው።» ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ወጥ ቤቷ ራሷ እየለየች ትጠብቃችኋለች። እኛን የረዳን ይህ ነው፤ በር ላይ የለጠፍነውን ማስታወቂያ ያነበበው የለም።

ሳንባና ጉበት ከቄራ ወይም ከሥጋ ቤት ስታመጡ ውስጡ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ታያላችሁ። ያ ከረጢት የትል እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ከበላው አንጀቱ ውስጥ ትንሽ የኮሶ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከዐይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ እንቁላሉ ወደ ሰው አፍ ከደረሰ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው ከረጢት ያድጋል፣ መውጫውም ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። ስለዚህ የሆድ ዕቃ ጥሬውን አይሰጥም። ከረጢት ያለበትን ቁራጭ ቆርጣችሁ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ፤ የቀረውን ደቀቅ አድርጋችሁ ከፈላ በኋላ 40 ደቂቃ ቀቅሉ። ትልልቁን ሙሉውን ድስት ውስጥ ከጣላችሁት ላዩ ይበስልና ውስጡ ጥሬ ይቀራል።

ዓሣ የሐዋሳ ሰው በረከት ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ አሞራ ገደል የቆሮሶና የአምባዛ ጭንቅላትና አጽም በርካሽ፣ አንዳንዴም በነጻ ይገኛል። ከአባ ኮዳ ጋር መሻማት ግን አለ፤ ማዳበሪያችሁን መሬት ላይ አታስቀምጡ። የአምባዛን የጎን ክንፍ እሾህ መጀመሪያ ንቀሉት፣ የውሻን ጉሮሮ ይወጋል፣ የእናንተንም ጣት። የቀረው አጥንቱ በጣት እስኪፈርስ ድረስ ይቀቀል። ከዚያ በወንፊት አጥሉት፤ መረቁ ለገንፎው ይሆናል፣ የላመው ሥጋ ከላይ ይደረጋል፣ ያልፈረሰ አጥንት ይጣላል። ይህ ሁሉ መቀቀል ከሰል ይፈጃል፤ እሱን ከወጪው ጋር አስቡት።

አሁን ጾም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከከተማው ሥጋ ቤት ብዙው ይዘጋል፣ ቅንጥብጣቢውም አብሮ ይጠፋል። አዲስ መጠለያ የሚራበው በዚህ ጊዜ ነው። በቅበላ ሰሞን የተትረፈረፈውን ሳንባ እንቀቅልና እንደ ቋንጣ ዘልዝለን ሽቦ ላይ እናደርቀዋለን፤ በደንብ የደረቀ እስከ እኩለ ጾም ያደርሳል። የሙስሊም ሥጋ ቤቶች አይዘጉም፤ ከአንዱ ጋር ቀደም ብላችሁ ተወዳጁ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ እተወውና፣ ጾም ሲገባ ዓሣ ገዢው እንደሚበዛ ግን አሞራ ገደል ቆሞ ማየት ይቻላል፤ ገዢ ሲበዛ ጭንቅላቱም ይበዛል።

የፋሲካ ማግስት ደግሞ ተቃራኒው ነው። በሩ ላይ የዶሮ አጥንት በፌስታል ይቆለላል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል፣ ወጡም ያው ሽንኩርት ነው። ሁሉም ወደ ጉድጓድ ይሂድ።

አሰጣጡ ቀላል ነው። ለአዋቂ በቀን ሁለቴ፣ ከጽዳት በኋላ 2 ሰዓት ገደማና ማታ 11 ሰዓት፤ ጡት ለጣለ ቡችላ በቀን አራት ጊዜ። እያንዳንዱ በየሳሕኑ፣ ተራርቆ ይብላ፤ በአንድ ገበታ ካቀረባችሁ ጉልበተኛው ይወፍራል፣ ዐይነ አፋሩ ይከሳል፣ በመሃል ጆሮ ይቦጨቃል። መጠኑን የጎድን አጥንት ይነግራችኋል፦ በእጅ ስትዳስሱት የሚቆጠር፣ በዐይን ስታዩት ግን ያልተሰረጎደ ሲሆን ልክ ነው። ውሃ ለ15 ኪሎ ውሻ በቀን 1 ሊትር ገደማ፣ በሙቀት ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል፤ አረንጓዴ እስኪያበቅል ድረስ ጎማ ውስጥ የሚተኛ ውሃ ግን ውሃ አይባልም።

አጥንቱ የወጣ ውሻ ሲመጣ አንጀታችሁ ይላወሳል፣ ሳሕን ሙሉ ታቀርባላችሁ። አታድርጉት። ለረጅም ጊዜ የተራበ አካል በአንዴ ሲሞላ የደሙ ማዕድን ይዛባና ውሻው በጥጋብ ይሞታል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ጥቂት፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ስጡት።

አዲስ ውሻ ሲገባ

ጎዳና ላይ ያለ ውሻን ለመያዝ ብላችሁ አታሳድዱት። ጎን ሰጥታችሁ ቁጢጥ በሉ፣ ዐይኑን አትዩት፣ የተቀቀለ ዓሣ ወርውሩለት፤ አንዳንዱ በ10 ደቂቃ፣ አንዳንዱ በ10 ቀን ይመጣል። መኪና የገጨው ከሆነ ግን ጊዜ የለም፤ ወፍራም ብርድ ልብስ ጣል አድርጋችሁበት ከጭንቅላቱ በኩል ሸፍናችሁ አንሡት። በሕመም ላይ ያለ ውሻ የሚወደውንም ይነክሳል።

ግቢ ሲደርስ በዚህ ቅደም ተከተል ተቀበሉት፦

1. ያመጣውን ሰው ሳይሄድ ጠይቁት። ከየት ነው? ባለፉት 10 ቀናት ሰው ነክሷል? ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ሰው መመለስ አይወድም፤ «ወንድሜ፣ ውሻውን ልንገድለው አይደለም፣ የተነከሰው ሰው እንዲታከም ነው» በሉት።
2. ጓንት አጥልቃችሁ ከአፍንጫ እስከ ጅራት እዩት፦ ድድ፣ ዐይን፣ ጆሮ፣ ቆዳ፣ የእግር መዳፍ (ሙጀሌ እዚያ ይገባል)፣ ብልት። ከብልቱ ደም የሚንጠባጠብ፣ የአበባ ጎመን የመሰለ እብጠት ካለው በግንኙነት የሚተላለፍ ዕጢ ሊሆን ይችላል። በጎዳና ውሾች የተለመደ ነው፤ ሐኪም በየሳምንቱ በሚሰጠው መርፌ አብዛኛው ይድናል። እስኪድን ግን ከሌላ ውሻ ጋር አይቀላቀል።
3. መዝኑት። የውሻ ሚዛን አያስፈልግም፤ አቅፋችሁት ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን ውጡ፣ ቀንሱ። ኪሎው ሳይታወቅ መድኃኒት አይሰጥም።
4. የትል መድኃኒት ሐኪሙ ባዘዘው ልክ ስጡ።
5. 14 ቀን ለብቻው ይቆይ። ባለ ቢጫው ባልዲ የእሱ ነው።

14 ቀኑ ፓርቮንና አብዛኛውን የሳል በሽታ ያጋልጣል። የእብድ ውሻ በሽታን ግን አያጣራም፤ እሱ ከተነከሰ በኋላ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ተደብቆ ይቆያል። ስለዚህ «ሁለት ሳምንት ሞላው፣ ደህና ነው» ብላችሁ ጥንቃቄውን አታላሉ።

ንክሻ

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሁልጊዜ አረፋ የሚደፍቅና የሚሮጥ ውሻ አይደለም። የጠባይ መገልበጥ ነው፦ ሰው የማያስጠጋው ድንገት ይለማመጣል፣ ለማዳው ድንገት ይነክሳል። ድምፁ ይጎረንናል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሐጩ ይዝረበረባል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ «አጥንት አንቆት ነው» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። መዋጥ ላቃተው የማታውቁት ውሻ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ። ዝጉበትና ሐኪም ጥሩ።

ሰው ከተነከሰ ወይም ቁስል ላይ ለሐጭ ከነካው፣ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ይዛችሁ እጠቡ፤ 15 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ረጅም ነው። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዳችሁ ክትባቱን ጀምሩ። ውሻው ካለ አትግደሉት፤ ለብቻው ዝጉትና 10 ቀን ተከታተሉት፤ ከ10 ቀን በኋላም ጤነኛ ከሆነ በነከሰበት ሰዓት ለሐጩ ቫይረስ አልነበረበትም ማለት ነው። ክትባቱ ግን የ10 ቀኑን ውጤት አይጠብቅም። የባሕል መድኃኒት አዋቂ ጋ የሚሄድ ብዙ ነው፤ አልከለክልም፣ ግን ከክትባቱ በኋላ ይሁን። ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ የሚመልሰው መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል።

መጠለያ ውስጥ በየቀኑ የምትሠሩ ከሆናችሁ ሳትነከሱ በፊት መከተብ አለባችሁ፤ አሁን የሚመከረው ሁለት መርፌ ነው፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በ7ኛው ቀን። የተከተበም ሰው ሲነከስ ይታጠባል፣ ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል፤ የሚሰጠው መርፌ ቁጥር ነው የሚቀንሰው።

ለውሾቹ ደግሞ ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ክትባት፣ ከዓመት በኋላ ድጋሚ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። በፌስታል ተንጠልጥሎ፣ በቀትር፣ በባጃጅ የመጣ ክትባት ውሃ መውጋት ነው፤ በረዶ ያለው ሳጥን ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ከተማ ውስጥ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት ሰንሰለት ይበጠሳል። በየከተማው ለረጅም ዘመን የተሠራበት መርዝ የተቀባ ሥጋ ይህን አያደርግም፤ የተከተበውንም ያልተከተበውንም አብሮ ይገድላል፣ በባዶው ቦታ ደግሞ ከዳር ያልተከተበ ውሻ ይገባበታል። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን መስከረም 18 ነው፣ የመስቀል ማግስት ማለት ነው፤ ነጻ ክትባት ካለ በዚያ ሰሞን ስለሚሆን ወረዳችሁን ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።

ቆዳ

እከክ የያዘው ውሻ ሲመጣ ጎረቤት የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይዞ ይመጣል። በቅንነት ነው፤ ግን ውሻው ይልሰውና ጉበቱና ኩላሊቱ ይመረዛል፣ ቆዳውም ይቃጠላል። መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው፣ ሐኪም በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይወጋዋል። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የከብቱን ጠርሙስ ገዝታችሁ በግምት አትውጉ፤ 1 ሚሊ ሊትሩ ለ50 ኪሎ ከብት የተሰላ ነው፣ 15 ኪሎ ውሻ ላይ አንዲት ጠብታ ስሕተት ትልቅ ናት። የውሻው እከክ ሰውንም ያሳክካልና ጓንትና እጅጌ ረጅም ልብስ ልበሱ፤ የተኛበትን ማዳበሪያ አቃጥሉ።

መዥገር ዝናብ ሲጀምር ይበዛል። ጆሮ ውስጥና በጣቶቹ መሃል ፈልጉ፤ በመቆንጠጫ ቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፣ በጣት አታፍርጡት።

ማምከን

ውሻ 63 ቀን ገደማ ታረግዛለች፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ሳታመክኑ የምታሳድጉ ከሆነ የከፈታችሁት መጠለያ ሳይሆን የመራቢያ ጣቢያ ነው። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ስለሚያስተምር ከተማው ውስጥ ሐኪም ማፈላለግ ከሌላው ቦታ ይቀላል። ከቀዶ ጥገናው በፊት ሌሊቱን ምግብ አይሰጥ፤ በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን ቁስሉን እንዳትልሰው አንገቷ ላይ ከፕላስቲክ ባልዲ የተቆረጠ ቀለበት አጥልቁላት፤ ርካሽ ነው፣ ይሠራል። ወደ ሰፈሯ የምትመለስ ከሆነ ሐኪሙ በማደንዘዣው ውስጥ እያለች የጆሮዋን ጫፍ ትንሽ ይቁረጥ፤ ዳግመኛ ማንም ለዚሁ ሥራ እንዳይዛት ምልክት ይሆናል።

ጎረቤትና እንግዳ

ሙስሊም ጎረቤት ካላችሁ የውሻ ለሐጭ ልብሱን እንዳይነካው ሰግቶ በአጠገባችሁ ማለፍ ሊያስቸግረው ይችላል። ውሻ በገመድ ሳይያዝ ከበር አይውጣ፤ በሩ ላይ ቧንቧና ሳሙና ይኑር። ይህን ካደረግን ወዲህ አንድ ሐጂ ጎረቤታችን የሥጋ ቤት ዘመዳቸውን አገናኝተውናል።

ልጆች ይመጣሉ፤ መጀመሪያ ድንጋይ ይዘው፣ በኋላ ዳቦ ይዘው። ጤነኛ አዋቂዎቹ ክፍል ብቻ፣ ከሽቦው ውጭ ሆነው፣ ከ10 ሰዓት በኋላ። ቡችላ ማቀፍ የለም፤ ሲወጡ እጅ መታጠብ አለ።

ውሻ ወስዶ ለማሳደግ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ «ይነክሳል ወይ?» ብሎ ከጀመረ የሚፈልገው ጥበቃ ነው። ነውር የለውም፤ ቀን በሰንሰለት ውሎ ማታ የሚፈታ ከሆነ ግን አንሰጥም። ቤቱን ሄደን እናያለን፣ አጥሩን፣ ጥላውን፣ የውሃውን ሳሕን። ውሻው ሲወጣ የክትባት ካርዱ አብሮት ይወጣል፤ ከወር በኋላ እንደውላለን።

ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ

ማታ ቆጠራው ይደገማል፣ ከጠዋቱ ደብተር ጋር ይመሳከራል። ጠዋት ዝም ያለው አሁን በልቷል? መድኃኒት የተሰጠው ማን ነው፣ በስንት ሰዓት? የፈረመው ማን ነው? የእንቁጣጣሽና የገና ዋዜማ ከሆነ ርችት ይተኮሳል፤ ፈሪዎቹን ቀደም ብላችሁ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገቡ፣ አምና አንዷ 2 ሜትሩን አጥር ዘላ ወጥታ በሦስተኛው ቀን ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ተገኘች።

በመጨረሻ የበሽተኞቹ ክፍል ይታያል። ከዚያ ወጥታችሁ ወደ ሌላ ክፍል አትገቡም፤ የረሳችሁት ነገር ቢኖር እንኳ ለነገ ይደር፣ ወይም ያልገባው ሰው ይሂድ። ልብሱ እዚያው በረኪና ውስጥ ይነከራል። ቦቲዎቹ ታጥበው በየክፍሉ በር ላይ በእንጨት ላይ ተገልብጠው ይሰቀላሉ፣ ቀዩ በቀዩ፣ ቢጫው በቢጫው። ጠዋት ከመልበሳችሁ በፊት አራግፏቸው፤ ጊንጥ ይገባበታል።